ላቀው ጺሙን ያሳደገበት ክረምት

መጀመሪያ የተገናኙ ቀን እግሩን አቁስላው ነው የሄደችው። እውነቴን ነው!

ላቀው መካነ ሰላም ላይ ጸጉር ቤት ያለው፣ ወደ አርባው የተጠጋ ወንደላጤ ነው። ወሬ አያበዛም። እንግዲህ ወሬ የማይወድ ጸጉር አስተካካይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ግን እንዲያ ነው። እናቱ በሕይወት ሳሉ «ዝም አይነቅዝም ልጄ» ይሉት ነበር፤ እሱም ቃላቸውን ይዞ ቀረ።

ያን ቀን የወንበሩን ጨርቅ ሲያራግፍ አንዲት ጠይም ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ሉሊት ትባላለች። የኩታበር ልጅ ናት፤ ደሴ ያለ አንድ አስመጪ ቀጥሯት የጺም መላጫ በየወረዳው እየዞረች ትሸጣለች።

«ጤና ይስጥልኝ ወንድማለም! እስቲ እጅህን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ስጠኝ'ኮ ነው የምልህ፣ አልነክስህም!»

ሳያስበው ሰጣት። መዳፉ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት መላጫ አስቀምጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

«ክብደቱን እየው» አለችው። «ውድ ነገር ሲይዙት ያስታውቃል።»

ላቀው የስንቱን ሰው አገጭ ይዞ ሲያዞር የኖረ ነው። የእሱን እጅ የያዘለት ሰው ግን እናቱ ካረፉ ወዲህ አልነበረም። ደነገጠ። መላጫው አመለጠውና ነጠላ ጫማ ያደረገ እግሩ ላይ ዱብ!

«ኧረ በጊዮርጊስ! ገደልኩህ!»

«ምንም አይደል» አለ በአንድ እግሩ እየዘለለ። «ክብደቱን... አይቼዋለሁ።»

ሉሊት በሳቅ ፈርሳ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቤት የባለቤቱ ሳቅ ተሰምቶ ስለማያውቅ ጎረቤቱ እትዬ ብዙዬ ከሻይ ቤታቸው ብቅ ብለው «ምን ተገኘ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ላቀው በሌላ ምላጭ ሰው አልላጭም አለ። የመላጫውን የፈረንጅ ስም በቅጡ የሚጠራው ስላልነበረ አገሩ ሁሉ «ባለ ድኩላው» ነው የሚለው፤ ማሸጊያው ላይ የብር ቀለም ያላት ድኩላ ታትማበታለች። ላቀው እሽጉን የሚቀደው ደንበኛው ዓይን ፊት ነው። ምላጩን ነጭ ጨርቅ ላይ ያሳርፋል፣ ፊቱን በሙቅ ውሃ ያርሳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ዋጋው ከሌላው ቤት ወደድ ይላል፤ ግን ማን ቅር ይለዋል? ከዚያው ከቦረና ገጠር ሙሽራ በመጣ ቁጥር ሚዜዎቹ «በድኩላው ካልተላጨማ ምኑን ሙሽራ ሆነ!» እያሉ ላቀው ዘንድ ይዘውት ይገባሉ። በእጀ ጥብቅነታቸው የታወቁት መምህር አሻግሬ እንኳ ለፋሲካ እዚያ ወንበር ላይ ካልተቀመጡ ጾሙን የፈቱ አይመስላቸውም።

ሉሊት ወር በገባ ቁጥር ትመጣለች። የድርጅቱን መኪና የሚነዳው የኋላሸት የሚባል ተጫዋች ሰው ነው።

«ሉልዬ፣ አንቺ ባትኖሪ'ኮ ይሄ መንገድ አያልቅም ነበር!» ይላታል ካርቶን እያወረደ።

«አቦ ተወኝ!» ብላ ትስቃለች።

ላቀው ይህን ሲሰማ ጥርሱን ይነክሳል። እንዴት ሰው እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ቆሎ ይበትናል? እሱም ለሉሊት የሚላት ነበረው። ግን አስቀምጦታል። አንድ ቀን ሽማግሌ ልኮ፣ በወግ በማዕረግ፣ አንዴ ሊለው። እስከዚያው ከእትዬ ብዙዬ ቤት ሻይ ያመጣላታል፣ አግዳሚውን በፎጣ ይጠርግላታል፣ ስኳሩን ያማስልላታል። ይኸው ነው።

ስትነሳ ሁልጊዜ ትጠይቀዋለች። «ላቀው፣ ሌላ የምትለኝ የለም?»

«መንገዱን እግዜር ያቅናልሽ።»

«አሜን» ትላለች። ትንሽ ቆማ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች በኋላ የጠጣችበትን ብርጭቆ ቶሎ አይመልሰውም። መስታወቱ ስር አስቀምጦ እያየው ይውላል።

አንድ ቀን ሉሊት ሌላ ዓይነት ካርቶን ይዛ መጣች። ከፍታ አንድ ቢጫ የፕላስቲክ መላጫ አወጣች። እጀታው ላይ ያችው ድኩላ አለች።

«ክብደቱስ?» አለ ላቀው በእጁ እያነሳ።

«ክብደት የለውም። ለዚህ'ኮ ነው የረከሰው። እየው፣ ፖስተርም አለው።» ፖስተሩን ዘረጋችው። ‹ድኩላው ለሁሉም!› ይላል።

ላቀው ፖስተሩን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከጎረቤት ጋር በሚዋዋሰው የዶለዶመ ምላጭ ሲላጭ የኖረ ገበሬ ነው» አለች ሉሊት ቀረብ ብላ። «ባለፈው ይቺን ሰጠሁት። ፊቱ ሳይደማ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አየሁት። ላቀው፣ ደስ አይልም?»

ደስ አላለውም። ግን የጠየቀችው እሷ ናት። ፖስተሩን በገዛ እጁ ከመስታወቱ በላይ ለጠፈው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በገበያ ቀን ድኩላዋ ከጨውና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ሸራ ላይ ተሰጥታ ዋለች። ለሁለት ለሦስት ጊዜ የተሠራችዋን ቢጫ አንዱ ለወንድሙ፣ ወንድሙ ለአማቹ እያዋሰ እስክትደንዝ ተላጩባት። ስትቧጭራቸው ደግሞ «ድኩላም እንዲህ ናት? ስም ብቻ!» አሉ። መምህር አሻግሬ መጥተው ፖስተሩን ቀና ብለው አዩት።

«ላቀው፣ በዚች ኖሯል እንዴ በዚያ ዋጋ ስትላጨን የኖርከው?»

«አይደለም ጋሼ፣ ያ ሌላ ነው። ስለቱም ሌላ፣ ብረቱም...»

«ድኩላዋ ያችው አይደለችም?»

«ድኩላዋማ ያችው ናት።»

«እንግዲያው!» ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

ሚዜዎችም ቢጫዋን በኪሳቸው ይዘው ይመጡ ጀመር። «በራሳችን መላጫ ላጭልን፣ የእጅህን ብቻ እንከፍላለን።» ላቀው ላጨላቸው።

ሉሊት በሚቀጥለው ስትመጣ የብረቱን አልያዘችም።

«ድኩላውስ? የእኔው?»

«ቀረ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ደሴ ያሉት ትልልቅ ሱቆች መለሱት። ‹ገጠር ሸራ ላይ የሚቸበቸበውን ለኛ ደንበኛ አንሰጥም› አሉ። የኛዎቹም ‹እንኪያስ ቢጫውን ብቻ እናስገባ› አሉ።»

«አረከሳችሁት!»

«ላቀው...»

«ውድ ነገር ለሁሉ ከተበተነ አበቃለት! ሰውም እንደዚያው ነው። ከሁሉ ጋር የሚስቅ፣ ለሁሉ ጥርሱን የሚያሳይ...»

ዓይኑ ሳያስበው ደጅ ካርቶን ወደሚያወርደው የኋላሸት ሄደ። ሉሊት ዓይኑን ተከትላ አየች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ይህን ተረት ከጸጉር አስተካካይ በላይ ማን ሊያውቀው!

«እኔን ነው?» አለች።

ላቀው ከወንበሩ ላይ ፎጣውን አነሳ።

«እኔን ነው ወይ ላቀው?»

ፎጣውን አጠፈ። ዘረጋው። መልሶ አጠፈው።

«ደህና ሁን» አለች። ሻይዋን ሳትቀምሰው ወጣች።

ኧረ አንተ ሰው! ‹አይደለም› ማለት እንዴት ያቅትሃል? አንድ ቃል'ኮ ነበር!

ክረምቱ ገባ። ሉሊት አልመጣችም። የኋላሸት ብቻውን ቢጫ ካርቶን እያራገፈ ይሄዳል፤ ላቀውም «እንደምን ናት?» ብሎ አይጠይቀውም። የብረቱ ምላጭ ሁሉ አለቀ፣ ከአንዲት እሽግ በቀር። እሷን ሽማግሌ ለሚልክበት ቀን ብሎ ከመስታወቱ ጀርባ ሸጉጧታል። በቢጫው ደግሞ ፊቴን አላስነካም አለ። ጺሙ አደገ።

በእኛ አገር ቄስ ሳይሆን ጺሙን ያሳደገ ሰው ሐዘንተኛ ነው። ጸጉር አስተካካይ ሲሆንማ ምን ጥያቄ አለው! እትዬ ብዙዬ አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ።

«ልጄ፣ ማን ሞተብህ?»

«ማንም አልሞተብኝም እትዬ።»

«አትደብቀኝ! ዓይንህ'ኮ ጎድጉዷል።»

«ተዉኝ እትዬ...» አለና እንባው መጣ። መምጣቱ እሱንም ገረመው።

በቃ! እትዬ ብዙዬ ሰፈሩን አዳረሱት። የሰማ ሁሉ እየመጣ «እግዜር ያጥናህ» ይለው ጀመር። አንዱ ንፍሮ ይዞ ይገባል፣ አንዱ ዳቦ። ሐዘንተኛን ‹ማን ነው የሞተብህ?› ብሎ ማስጨነቅ ነውር ነውና ስሙን የጠየቀው የለም። ሰው ደግሞ ያልተነገረውን ራሱ ይሞላዋል። «ሳይንት ውስጥ እጮኛ ነበረችው አሉ» ተባለ። «ለካ እስካሁን ያላገባው ለዚህ ነው፣ ምስኪን!»

ላቀው ወሬውን ሰምቶታል። ማስተባበል ነበረበት። ግን እንዴት ብሎ? ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብቻውን ተቀምጦ ይውልበት የነበረው ቤት ሰው ሞላበት። «እህል ቀመስክ ወይ?» የሚለው ሰው አገኘ። መምህር አሻግሬ እንኳ ቂማቸውን ረስተው አግዳሚው ላይ ይቀመጡና «አብሽር፣ ይሄም ያልፋል» እያሉ ትከሻውን ይይዙታል። ነገ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ይላል። ነገ ሲሆን ደግሞ አንዱ ትኩስ ዳቦ ይዞ ይገባል።

እንዲህ ባለ ቀን ነው የኋላሸት እትዬ ብዙዬ ቤት ሻይ ሲጠጣ ሰምቶ የመጣው። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ያ ተጫዋች ሰው ፊቱ ጠቁሯል።

«አላወቅኩም ነበር ወንድሜ። እጮኛህን... ነፍስ ይማር።»

ላቀው ቀና አለ። ይሄ ሰው ነገ ደሴ ይገባል። ነገ ሉሊትን ያገኛታል። አግዳሚው ላይ መምህር አሻግሬ አሉ፣ እትዬ ብዙዬም ተከትለው ገብተዋል። ሁሉም ያዩታል።

«አሜን» አለ ላቀው።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሉሊት ከሚኒባስ ወረደች። ብቻዋን ናት። ጥቁር ሻርፕ አድርጋለች፤ በዘንቢል ድፎ ይዛለች። ላቀው በሩ ላይ ቆሞ አያት።

«እግዜር ያጥናህ ላቀው። ዘገየሁብህ።»

«ግቢ... ተቀመጪ።»

አግዳሚውን በፎጣ ጠረገላት። ተቀመጠች። ጺሙን አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«በዚያ ነገር ተቀይሜህ ነበር» አለች። «ሳልሰማ ነው። ሰው ሆዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭንቅ ይዞ ምን የማይናገረው አለ? ይቅር ብዬሃለሁ። ስሟ ማን ነበር?»

«የማን?»

«የእጮኛህ።»

ላቀው ፎጣውን ሊያጥፍ ጀመረና ተወው።

«እጮኛ አልነበረኝም። ሉሊት፣ ማንም አልሞተብኝም። ምላጭ አልቆብኝ ነው።»

«ምን?»

«በቢጫው አልላጭም ብዬ ነው። ጺሜ አደገ። ሰዉ ሐዘን ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ።»

«ለምን? ለምን ዝም አልክ?»

«ይመጡልኝ ነበር» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ሰው ይመጣልኝ ነበር፣ ሉሊት።»

ሉሊት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ እንዳልሆነ ገባው።

«እኔ'ኮ አለቀስኩላት!» አለች። «ላልነበረች ሴት! ‹ለካ የሚወዳት ነበረችው፣ ለካ ለዚህ ነው አንድ ቀን እንኳ ምንም ያላለኝ› ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ልቤን ዘጋሁት። ዘግቼው ሳበቃ የኋላሸት ሽማግሌ ላከ።»

ግራ እጇን ከሻርፑ ስር አወጣች። ቀለበት አድርጋለች።

«ለጥር ነው» አለች።

ውጪ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ አለፈ። ላቀው ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀ።

«ትወጂዋለሽ?»

«ጥሩ ሰው ነው።»

«እሱ'ኮ ላገኘው ሁሉ ነው...»

«አውቃለሁ!» አለች ቀና ብላ። «አውቃለሁ ላቀው። ቃሉ ርካሽ ነው። ሻይ ለምታፈላውም ‹የኔ ዓለም› ይላታል። ግን ይደርሰኝ ነበር! እናቴ ስትታመም፣ መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ሲቆምብን፣ ሆዴ ሲባባ... ይደርሰኝ ነበር። ያንተ ውድ ነው፣ እሱንም አውቃለሁ። ግን ገበያ ላይ የለም። ስንት ጊዜ ‹ሌላ የምትለኝ የለም?› አልኩህ?»

«ልለው ነበር'ኮ። በወጉ ልለው ነበር።»

«እንግዲያው አሁን በለው።»

«አሁን ምን ያደርጋል?»

«ምንም አያደርግም። ግን ልስማው።»

ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቀው የኖረው ቃል ለመውጣት እምቢ አለው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ እንጂ ይነቅዛል! እንዴት አድርጎ!

«እወድሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያን ብረት እግሬ ላይ ከጣልኩበት ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ።»

ሉሊት እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ይኸው» አለች። «አልረከሰም'ኮ ላቀው። ስላልከው ምንም አልረከሰም።»

ተቀመጡ። ኋላ እሷ ከቦርሳዋ አንድ ቢጫ መላጫ አወጣች።

«በል ተላጭ። ሬሳ የሌለው ሐዘን ግፍ ነው። እግዜርን መፈታተን ነው።»

ላቀው መላጫውን አየው። ተቀበላት። ውሃ አሞቀ፣ ሳሙናውን አረፋ አስደፈቀ፣ ጺሙን በመቀስ አሳጥሮ መስታወቱ ፊት ቆመ። የስንቱን ሙሽራ ፊት ያበራ እጅ የራሱ አገጭ ላይ ሲደርስ እንደ ጀማሪ ተጠነቀቀ። ሉሊት ከኋላው ተቀምጣ በመስታወቱ ውስጥ ታየዋለች።

«እዚህ ጋ ቀረህ» አለችው የራሷን አገጭ እየነካች።

እዚያ ጋ ላጨው። ታጥቦ ፊቱን በፎጣ አደረቀና መስታወቱን ቀረብ ብሎ አየ።

«አልቆረጠኝም» አለ እንደ መገረም ብሎት።

«አልኩህ'ኮ። አባቴንም አልቆረጠውም።»

የሚኒባሱ ጥሩንባ ተሰማ። ሉሊት ዘንቢሏን አንስታ ቆመች። ላቀው እጁን ወደ መስታወቱ ጀርባ ሰደደና አቧራ የጠጣች እሽግ አወጣ። የብር ቀለም ያላት ድኩላ አሁንም ትታያለች።

«ምንድን ነው?»

«የመጨረሻዋ ናት። ወደ አባትሽ ሽማግሌ የምልክ ዕለት ልላጭባት ነበር ያስቀመጥኳት። ለየኋላሸት ስጪልኝ። በሰርጉ ቀን ይላጭባት።»

«ላቀው... አልችልም።»

«ውሰጃት። እዚህ ብትቀመጥ ትዝጋለች።»

ሉሊት እሽጓን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘቻት። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ስንብት ጉንጩን በግራም በቀኝም ሳመችው። አዲስ የተላጨ ፊት ቶሎ ይሰማዋል፤ ከንፈሯን ብቻ ሳይሆን እንባዋንም ሰማው።

«ሌላ የምትለኝ አለ?» አለችው በሩ ላይ።

«አለ። መንገዱን ብቻ ሳይሆን ትዳርሽንም እግዜር ያቅናልሽ። ያኔ ‹እኔን ነው?› ላልሽኝ ደግሞ፣ አንቺን አይደለም። ከሁሉ ጋር ስለሳቅሽ የረከስሽብኝ አንድም ቀን አልነበረም።»

«አሜን» አለች። ሄደች።

ሚኒባሱ አቧራውን እያስነሳ ቁልቁል ሲወርድ ላቀው በሩን ተደግፎ አየው። እትዬ ብዙዬ ከሻይ ቤታቸው ወጥተው ፊቱን ሲያዩ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እልልልል! እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ሐዘንህን ጣልከው! አሁን ገና ሰው መሰልክ!»

ጩኸታቸውን ሰምቶ አላፊ አግዳሚው ቆመ። መምህር አሻግሬ ከመንገዱ ማዶ ሆነው «እንኳን እግዜር አጽናናህ!» ብለው ኮፍያቸውን አነሱለት። ሁሉም ደስ አለው። ደስ ብሎትም ወደየጉዳዩ ሄደ። ሐዘን ከወጣ ምን ቀረ? እትዬ ብዙዬም ንፍሮ ያመጡበትን ሣህን ከመደርደሪያው አንስተው «በል እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ሥራህ» አሉና ወደ ቤታቸው ዞሩ።

አግዳሚው ባዶ ነበር። ድሮ ቢሆን ላቀው ዝም ይል ነበር።

«እትዬ ብዙዬ!»

«አቤት?»

«አይሂዱብኝ። ትንሽ ይቀመጡ።»

«ምነው ልጄ? ሐዘኑ አልፎ የለ?»

«አላለፈም እትዬ» አለ ላቀው፣ የተላጨ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ። «ዛሬ ነው የሞተብኝ።»

እትዬ ብዙዬ ማን እንደሆነ አልጠየቁትም። ሣህኑን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና አጠገቡ ተቀመጡ።